የመጀመሪያ አሮጌ መኪናና አመሏ፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነጭ ዲኤክሴን (አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት) ይዤ ስንቀሳቀስ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ከቀላሉ ተነስቼ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ለመጀመሪያ መኪና አሮጌ መግዛት ያዋጣል?

ያዋጣል። ግን ለሻጩ የምትከፍሉት ብር የመጨረሻው ብር እንዳይመስላችሁ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ካላችሁ ገንዘብ ከአምስት አንዱን እጅ ሳትነኩ አስቀሩ። ጎማው፣ ባትሪው፣ የፍሬን ሸራው፣ ቺንጋው (የሞተሩ የላስቲክ ቀበቶ) በመጀመሪያዎቹ ወራት ተራ በተራ ይመጣሉ። ሻጩ ለምን እንደሸጣት የሚገባችሁም ያኔ ነው። ብሩን አሟጦ የገዛ ሰው መኪናዋን ግቢ አቁሞ በመስኮት ሲያያት ይከርማል።

ዋጋው ለምን አይወርድም ለሚል ሰው ደግሞ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጊት ተፈላጊነቷ አልቀነሰም። ደስ የሚለው፣ በደንብ ከያዛችኋት ስትሸጧትም ብዙ አትከስሩም።

የትኛዋን ልግዛ? ዲኤክስ፣ ቮልስ ወይስ ቪትዝ?

ከመኪናዋ በፊት መካኒኩን አስቡ። በምትኖሩበት ከተማ ያለ መካኒክ የማያውቃት መኪና፣ የፈለገ ብታምር፣ አትግዙ። ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ተቀምጣችሁ አዲስ አበባ ያለ ሰው ብቻ የሚፈታትን መኪና መያዝ ትልቅ ጣጣ ነው።

ዲኤክስ የምወዳት ኮፈኗ ሲከፈት ሁሉም ነገር ስለሚታይ ነው። 4ኬ ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው። ቤንዚኑ ከአየር ጋር ተደባልቆ በካርቡራተር ይገባል፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ሞተሩ ውስጥ ያለው ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ስለሆነ ድንገት ተበጥሶ ሞተር የሚያበላሽ የላስቲክ ቺንጋ አያሳስባችሁም። በሞተሩና በላሜራው መሐል ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ። ጀማሪ የሚማረው እጁ በሚደርስበት መኪና ነው።

ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም። የምትቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። የምትይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር ቢጎድል እንኳ ይጎዳታል። ቺንጋዋ ከተበጠሰ ማራገቢያው ይቆማልና አንድ ኪሎ ሜትር ልጨምር ሳትሉ እዚያው ማቆም አለባችሁ። ቪትዝ ነዳጅ ትቆጥባለች፤ ዕቃዋም በየቦታው አለ። ግን አንዱ ሴንሰር ሲበላሽ በጆሮና በእጅ የምታገኙት አይደለም፤ ማሽን የሚጠይቅ ነው። መንዳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቪትዝ ትሻላለች። መኪና ማወቅ ለሚፈልግ ግን ዲኤክስን የሚያህል አስተማሪ አላየሁም።

ስገዛ ምን ምን ልይ?

መጀመሪያ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ድረሱ። «ጠዋት 1 ሰዓት እመጣለሁ» በሉና ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው። ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድ ይሸፍናል፤ የቀዘቀዘ ሞተር ግን እውነቱን ያወጣል።

ስትነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ እሱ ቀላል ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ትንሽ ቢታይ እንፋሎት ነው። ከሞቀች በኋላም ካልቆመ ግን ውኃ እየነደደ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማሸጊያ) ይጠረጠራል። የዘይቱን ክዳን ክፈቱና ውስጡን እዩት። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታያችሁ እዚያው አመስግናችሁ ሂዱ።

ላሜራውን በማግኔት ፈትሹት። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሮቹ ግርጌና በጎማው ዙሪያ አስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ስር ስቱኮ (ጉዳት የተሸፈነበት ሙሊት) አለ። ምንጣፉንም አንሱና ወለሉን እዩ። ሞተር ይጠገናል፤ የበሰበሰ ወለል ግን ማለቂያ የለውም።

ወረቀቱስ?

በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። ውሉን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ተዋዋሉ፤ በደላላ ቃል ብቻ ብር አትስጡ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ቦሎውም በየዓመቱ ይታደሳል። ስም ማዞሩን ለነገ አትበሉ።

ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። አየሩም ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲተያይ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ዝቅ ያለ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ከሌላ አገር ያመጣችኋትን መኪና መጀመሪያ ካርቡራተሯን እዚሁ አስተካክሉ።

የእኔዋ አመሏ እንዲህ ነው። ቾኩን (በብርድ ጊዜ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛውን መሳቢያ) እስከ መጨረሻው እስባለሁ። ቤንዚኑን ሁለቴ እረግጣለሁ፤ ሦስተኛውን አትወድም። ከዚያ እግሬን አንስቼ ቁልፉን አዞራለሁ። ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ከ10 ሰከንድ በላይ አላዞርም፤ እምቢ ካለች ግማሽ ደቂቃ አሳርፋታለሁ። ስትነሳ በአንድ እጄ ቾኩን ወደ ግማሽ እመልሳለሁ። ድምፁ ሲለሰልስ ሙሉ በሙሉ እዘጋዋለሁ። ቾኩን ተስቦ ከረሳችሁት ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት ሰጪ) ጥላሸት ይለብሳል፤ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አትነሳም። የእናንተዋ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። አንድ ሳምንት ሙሉ እየለዋወጣችሁ ሞክሩና የተስማማትን ያዙ።

የቤንዚን ሽታ አፍንጫችሁን ከመታው ሞተሩ ተጥለቅልቋል ማለት ነው። ቾኩን ወደ ውስጥ መልሱ፤ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለል ረግጣችሁ ያዙና አስነሱ፤ ደጋግማችሁ አትርገጡት። ሞተሪኖው ደከም ብሎ ከዞረ ወይም «ጠቅ» ብሎ ከቀረ ደግሞ ቤንዚኑን ተዉትና ባትሪውን እዩ። ዋልታው (ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካለ ፈታችሁ በሙቅ ውኃ እጠቡት፤ ሲደርቅ አጥብቃችሁ እሰሩና ግሪስ ቀቡት። «ባትሪ ሞተ» ተብሎ ከሚጣለው ስንቱ ዋልታው የቆሸሸ ብቻ ነው!

ሌላም አለ። አጨዳ ሲያልቅ አይጥ ሙቀት ፍለጋ ሞተር ውስጥ ትገባለች። ባለፈው ጥር መኪናዬ ጉልበት አጥታ ስታስቸግረኝ ሰነበተች። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ስከፍተው ውስጡ በጤፍ ጭድና በተቦጫጨቀ ስፖንጅ ተሞልቷል፤ መሐሉ እንደ ጎጆ ጎድጎድ ብሏል። ጎተራ አጠገብ የምታሳድሩ ሰዎች ኮፈኑን በሳምንት አንዴ ክፈቱ። ሽቦም ትቆርጣለች።

ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? ዘይት ብትበላስ?

ለእንዲህ ያለ ሞተር ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ከነፊልትሮው። የ4ኬ ሞተር ከፊልትሮው ጋር 3.5 ሊትር ይወስዳል። ለደከመ ሞተር ወፈር ያለው 20/50 ይስማማዋል። የዘይት መለኪያውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁማችሁ አንብቡ።

አሮጌ ሞተር ትንሽ ዘይት ቢበላ አትደንግጡ፤ ግን ለኩት። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ድረስ እየሞላችሁ መኖር ትችላላችሁ። ሰማያዊው ጭስ ጠዋት ስትነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ላስቲክ ነው፤ አያጣድፍም። ዳገት ላይ ስትረግጧት ከተከተላችሁ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደክሟል።

ማደያ ወረፋ ነው። በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ብሞላ ችግር አለው?

አለው። ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊደባለቅበት ይችላል። ግድ ከሆነባችሁ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አቁሙና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ውኃ ካለው ከታች ይዘቅጥና መስመር ሠርቶ ይታያል። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባት ትቶ ይቀራል። የተጠራጠራችሁትን አትሙሉ።

ታንከሩንም ባዶ እስኪቀር አትንዱት። የአሮጌ መኪና ታንከር ከስሩ ዝገት አለው፤ ቤንዚኑ ሲያልቅ ያ ሁሉ ወደ ካርቡራተሩ ይሳባል። ሩብ ሲደርስ ወረፋ ያዙ። ከታንከሩ ወደ ሞተሩ በሚመጣው መስመር ላይ ያለችውን ትንሽ ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ዋጋዋ ኢምንት ነው። ቤንዚን ግን ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ልጆች ባሉበት ቤት ጀሪካን ቤንዚን ሳይ ልቤ ይርዳል።

ለምን ሂት ታደርጋለች? ውኃ እየሞላሁ እኮ ነው።

ውኃ ደጋግማችሁ የምትሞሉ ከሆነ ውኃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ጠርጥሩ። ብዙ ሰው ተራ መክደኛ ብቻ ይመስለዋል። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ይሠራል። ክዳኑ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ልክ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ውኃው ይፈላል፤ ይገነፍላል። በጥቂት ብር የሚቀየር ክዳን ተረስቶ ቴስታታ የተቃጠለባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ስለዚህ ክዳን ከማንም በላይ ልንጠነቀቅ ይገባል።

ከክዳኑ ቀጥሎ ቺንጋው መላላቱን፣ ጎማ ቱቦዎቹ መሰነጣጠቃቸውን፣ የውኃ ፖምፓው ማንጠባጠቡን እዩ። የቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላት ውስጡን ያዝገዋል፤ ኩላንት ቀላቅሉበት። ራዲያተሩ ቡናማ ውኃ ካወጣ ይታጠብ።

መንገድ ላይ ሂት ካደረገች ጥጋችሁን ያዙና አጥፏት። ክዳኑን አትንኩ! የሞቀ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት የሚፈነዳው ውኃ ፊት ይልጣል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ ቀስ ብላችሁ ላሉት። ቀዝቃዛ ውኃ በአንድ ጊዜ አትገልብጡበት፤ ሞተሩን አስነስታችሁ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ።

ክረምት ሲገባ ምን ላስተካክል?

ዋይፐሩን፣ ጎማውንና የበሮቹን ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ። በበሩ ግርጌ ያለችው ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነች ውኃው ውስጥ ይተኛና ላሜራውን ይበላዋል። በቀጭን እንጨት ጥረጓት።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው ዝናብ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ አቋርጣችሁ መኪናዋ መንተፋተፍ ከጀመረች ስፒንተሮጀኖው (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ክዳን ውስጥ እርጥበት ገብቷል። አጥፏት፣ ክዳኑን አንሱ፣ በደረቅ ጨርቅ ውስጡን ጥረጉና መልሱ። የካንዴላ ገመዶቹን ቦታ ግን እንዳታዛቡ ነቅላችሁ አትጨርሷቸው። ውኃ ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን ለጥቂት ሜትር በስሱ ረገጥ እያደረጋችሁ ሂዱ፤ ሸራው እስኪደርቅ በደንብ አይዝም።

ጥሩ መካኒክ እንዴት ልምረጥ?

ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የሚጠይቃችሁን ምረጡ። «መቼ ነው የሚሰማው? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ? ስትሞቅ ነው ወይስ ስትቀዘቅዝ?» የሚል ሰው መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ወዲያው «ይሄ ይቀየር» የሚለውን ግን ቆም ብላችሁ እዩት። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ስጠኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው።

አንድ ጋራዥ መኪናዬ እንዳትሞቅ ብሎ ቴርሞስታቷን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን) አውጥቶ ጣለው፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሙቀቱን ሳይጨርስ ውሎ ይገባል። ቤንዚኑ ጨመረ፣ ቾኩን ሳልስብ መነሳት ተወች፣ ዘይቱ ቶሎ ቆሸሸ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ቱቦውን በእጃቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ ይቺ መኪና በርዷታል» አሉኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ባለ ፀሐይ?» ብላቸው ራሴን እንድዳስስ እጄን ይዘው አስነኩኝ። እውነትም የላይኛው ቱቦ ለብ ያለ ብቻ ነው። አዲስ ቴርሞስታት ገባላትና ወደ ራሷ ተመለሰች። እንደ ማርቆስ ባለ ብርድ አገር ቴርሞስታት አታስወጡ።

ዕቃ ከየት ላምጣ?

ባሕር ዳርና ማርቆስ የተለመደው ይገኛል። ያልተገኘው አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ በአውቶቡስም ይላክላችኋል። ሲላክ አሮጌውን ዕቃ በስልክ ከሁሉም ጎኑ አንስታችሁ፣ የተጻፈበትን ቁጥር አስነብባችሁ እዘዙ። «የዲኤክስ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ፍሬንና መሪ ነክ ዕቃ ላይ ርካሹን አትምረጡ። ያገለገለ ኦርጂናል በር ይገዛል፤ ያገለገለ የፍሬን ሸራ ግን አይገዛም።

መንገድ ላይ ብትቆምብኝስ?

ሳትይዙ ከከተማ የማትወጡትን ልንገራችሁ። አየር ያለው ስኮርታ (ትርፍ ጎማ)፣ ክሪክ (መኪና ማንሻ)፣ የቸርኬ መፍቻ፣ አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ካንዴላ፣ 5 ሊትር ውኃ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ሽቦ፣ ፕላስተር፣ ባትሪ መብራት። ክሪኩን ቤት ሞክሩት። ጨለማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር ክሪክ አይሠራም።

ከቡሬ ስመለስ ደምበጫ ሳልደርስ የፍሪሲዮን ካቦዬ (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፔዳል ሽቦ) ተበጠሰ። ፔዳሉ ወለል ላይ ተኝቶ ቀረ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁና እዚያው ማርሽ ላይ እንዳለች ቁልፉን አዞርኩ። በሞተሪኖው ጉልበት እየተንገጫገጨች ተነስታ ሄደች። ሁለተኛውን ለማስገባት ቤንዚኑን ለቅቄ፣ ማርሹን ወደ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) አውጥቼ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ በቀስታ ወደ ሁለተኛው ገፋሁት። ሳያንጫጫ ገባ። ደምበጫ ድረስ በሁለተኛ ደረስኩ። ይህን ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ተለማመዱት። ከተማ ውስጥ፣ ሰው መሐል ግን እንዳትሞክሩት።

ዓባይ በረሃን በአሮጌ መኪና መውረድ ይቻላል?

ይቻላል። ሲፈራ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መፈራቱም ተገቢ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ደግሞ እስከ ጎሐ ጽዮን፣ በእያንዳንዱ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ያንኑ ትወጣላችሁ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ አንዳንዱ ቦታ እንደ ማዕበል ተነስቷል። ከፊታችሁ ከባድ መኪና ይንፏቀቃል። ዝንጀሮ ድንገት ይሻገራል።

ደጀን ላይ ቁሙ። የፍሬን ዘይቱን፣ ውኃውን፣ ጎማውን እዩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲሱ ዶት 3 (የተለመደ የፍሬን ዘይት ዓይነት) የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ሲሆን ውኃ የጠጣው 140 ላይ መፍላት ይችላል። የፈላ ፍሬን ዘይት ፔዳሉን ስፖንጅ ያደርገዋል፤ ትረግጣላችሁ፣ ምንም የለም። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ ዓባይን ሳትወርዱ በፊት አስቀይሩት። ይህችን አንድ ነገር ብቻ እንኳ ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

አወራረዱ የታወቀ ነው፦ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ለእኔዋ ሁለተኛና ሦስተኛ ነው። ሞተሩ ይያዛት። ፍሬኑን እየጎተታችሁ አትውረዱ፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቷ ሲቀንስ ልቀቁት፣ አየር ያግኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሰው ሕይወቱን በአንድ ሊትር ቤንዚን እየለወጠ ነው። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከላላ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ አቁሙ። ማርሽ አስገቡ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። ፍሬኑ ላይ ውኃ አታፍሱ፤ በራሱ ይብረድ። ስትሄዱ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሱ። ማታ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ሰው አለ።

ከሕዳሴ ድልድይ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ከታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ ማልዳችሁ ተሻገሩ። ሁለተኛ ላይ ሳታስጨንቋት ውጡ። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ መስኮቱን ከፍታችሁ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። እግራችሁን ያቃጥላል፤ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይሰርቃል። ጎሐ ጽዮን ወይም ደጀን ስትደርሱ ወዲያው አታጥፏት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆማ ትሥራ። አጥፍታችኋት አልነሳ ካለች ቤንዚኑ በሙቀት መስመሩ ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ክፈቱና የቤንዚን ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ትነሳለች።

አመሏን ከበሽታዋ እንዴት ልለይ?

እውነቱን ለመናገር አሮጌ መኪና መያዝ ማለት ይህን መለየት ነው። አመል አይለወጥም። የእኔዋ የግራ በሯ ሲዘጋ ከፍ መደረግ ይፈልጋል። ሦስተኛ ማርሽ ጠዋት ላይ ትንሽ ይቆረቁራል። የቤንዚን መለኪያዋ ግማሽ ሲል ሩብ ነው። እነዚህ ከገዛኋት ቀን ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። በሽታ ግን ይሄዳል። ትናንት ያልነበረ ድምፅ፣ ባለፈው ሳምንት ካለው የጨመረ መንቀጥቀጥ፣ ግቢው ላይ የሰፋ የዘይት ነጠብጣብ፣ እነሱ በሽታ ናቸው።

ይህን በጭንቅላት መያዝ አይቻልም። አንድ ደብተር ግዙ። ነዳጅ ስትሞሉ ኪሎ ሜትሩን፣ ሊትሩን፣ የጨመራችሁትን ዘይትና ውኃ ጻፉ። ማታ ከስሯ ካርቶን ዘርጉና ጠዋት ነጠብጣቡን እዩ። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ጎማው ዘንድ የሚታይ ጠራ ያለ ቅባት የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። እሱ አመል ተብሎ አይታለፍም። ፍሬን፣ መሪና ጎማ ላይ የሚታይ ማንኛውም ነገር ለእኔ በሽታ ነው፤ በዚያው ቀን ይታያል። ራዲዮ ጆሮን በሚያደነቁር ድምፅ አትክፈቱ፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት።

ሞተር አስወርጄ ላሳድስ ወይስ ልሽጣት?

ከመወሰናችሁ በፊት ኮምፕሬሽኗን (አራቱ ሲሊንደሮች የሚይዙትን ግፊት) አስለኩ። እዚህ ከፍታ ላይ የሚወጣው ቁጥር በመጽሐፍ ከተጻፈው ያንሳል፤ አትደንግጡ። አራቱን እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። አራቱም ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ ሞተሩ ገና ዕድሜ አለው፤ ቫልቭ ማስተካከልና ካርቡራተር ማጠብ ይበቃው ይሆናል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ በዚያ ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ይለኩት። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። መካኒኩ ይህን ሳያደርግ «ሞተር ይውረድ» ካለ ሌላ ሰው ጠይቁ።

እኔ የማየው ላሜራዋን ነው። ወለሏና ሻንሲዋ ጤነኛ ከሆነ ሞተር ይወረድላት፤ ይገባታል። ታች ከበሰበሰች ግን ለሞተሩ ያወጣችሁት ብር ዝገት ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ሽጧት። ስትሸጧት ደብተሩን ከቁልፉ ጋር ስጡ። ቾኩን ምን ያህል እንደሚስብ፣ ቤንዚኑን ስንቴ እንደሚረግጥ፣ በሩን እንዴት እንደሚዘጋ ለገዢው አሳዩት። አንድ ጠዋት አብራችሁት ሆናችሁ ራሱ ያስነሳት።